የጠዋቱ ሾፌራችን ጉዳይ፦ ዛሬ ይቆማል ወይስ ያልፈናል?

ላብራቶሪዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ካሳጠርኩት ግን ነገሩ አይገባችሁም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ20/80 ዕጣ ለእናቴ ሲወጣላት ነው ወደዚህ የመጣነው። የምሠራው ደግሞ ለገሃር አካባቢ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ። ጠዋት ጠዋት የምሳፈረው የከተማ አውቶቡስ ነው። በቃሊቲ፣ በሳሪስ፣ በጎተራና በላንቻ አድርጎ ለገሃር ይገባል። የመስመሩን ቁጥርም የአውቶቡሱን የጎን ቁጥርም እዚህ አልጽፍም። ሰውየውን አደባባይ ላይ ማስጣት አልፈልግም፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። የምፈልገው መላ ነው።

ያማረረኝ ማርፈዱ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አውቶቡስ አረፈደ ብሎ የሚገረም የለም። ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪናው፣ ሳሪስ ላይ መሻገሪያው፣ ጎተራ ላይ ጭንቅንቁ፣ ይሄን ሁሉ አስቤ ነው ሰዓቴን የምሞላው። ያቃተኝ ሾፌራችን ዛሬ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው። ሁልጊዜ የሚያረፍድ ቢሆን ሌላ ነገር እይዝ ነበር። ሁልጊዜ ሳሪስ አቦ የማይቆም ቢሆን የሳሪስ አቦ ሰዎች ሌላ ይሳፈሩ ነበር። የሱ ግን መላ ቅጡ የጠፋ ነው።

አንዳንድ ቀን ገና ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል መነሻው ላይ ቆሟል። ሞተሩን አሙቆ፣ መብራቱን አብርቶ፣ በሩን ከፍቶ ይጠብቀናል። ከሩቅ የምትመጣ አሮጊት ካየ ይታገሣታል። ያን ቀን አነዳዱ ራሱ ሌላ ነው! የቆምነው እንኳ አንወዛወዝም። ጉድጓዱን ቀድሞ ያውቀዋል፣ ቀስ ብሎ ያልፈዋል። ሰው ሲወርድ ይመርቀዋል፣ እኔም መርቄዋለሁ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ስንደርስ መነሻው ባዶ ነው። ጥጉ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ «አሁን ወጣ፣ ግማሽም አልሞላ» ትለናለች። ሰዓታችንን እናያለን፣ 12 ገና አልሞላም። የሚቀጥለው አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን የለም። ሰልፉ ይረዝማል። ሚኒባሶቹ ሰው መብዛቱን ሲያዩ «ቃሊቲ ብቻ፣ ቃሊቲ ብቻ» እያሉ ያቆራርጡብናል። ከቃሊቲ ደግሞ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ሂሳብ።

ፌርማታው ላይ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዴ ሰልፉ ካለበት አልፎ፣ ወደፊት ሄዶ ነው የሚቆመው። ያኔ ሰልፍ የሚባል ነገር ፈረሰ ማለት ነው። ከጨለማ ጀምራ ፊት የቆመችው እርጉዝ ሴት ኋላ ትቀራለች። አሁን የደረሰው ጎረምሳ ሮጦ ይገባል። አንዳንዴ የፊቱን በር ብቻ ይከፍታል፤ ወራጁና ተሳፋሪው አንድ በር ላይ ይጋፋል። ኪስ አውላቂው የሚጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ወራጅ አለ!» እያልን እየጮህን ዝም ብሎ ያልፋል።

አንድ ሰኞ የሆነውን ልንገራችሁ። ሳሪስ አቦ ስንደርስ ከፊታችን መኪናው ተያይዞ ቆሟል። ሾፌሩ ምንም ሳይናገር ወደ ቀኝ ታጠፈና ቀለበት መንገዱ ውስጥ ገባ፣ ወደ ቦሌ ሚካኤል። ትኬት ቆራጯ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ወዴት ነው ጋሼ?» አለችው። በአንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዟል፣ በሌላው ይነዳል። አልመለሰላትም። አጠገቤ የቆመው አናጺ ነበር፤ ፌስታል ውስጥ መዶሻና ሜትር ይዟል። የሚወርደው ጎተራ ነው። «ፎርማኑ 1 ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። ያልተገኘ ቀኑ አይያዝለትም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኧረ ሾፌር! ጎተራ የምንወርድ አለን!» ብሎ ጮኸ። መልስ የለም። ቦሌ ሚካኤል ላይ በሩ ሲከፈት ዘሎ ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ወደመጣንበት መሮጥ ጀመረ። የዚያን ቀን ሥራው ይትረፍለት አይትረፍለት አላውቅም።

ለገሃር የምንወርደው ግን ያን ቀን ከወትሮው ቀድመን ደረስን። «ጎበዝ ሾፌር» ያሉትም ነበሩ። እኔ ደስ አላለኝም። ነገ የሚቀረው ፌርማታ የኔ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?

እኔ ስዘገይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ስሙ። ጠዋት ወደ ላብራቶሪ የሚመጡት ብዙዎቹ የጾም ስኳር የሚመረመሩ ናቸው። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ነው የሚመጡት። ደማቸው ካልተቀዳ ቁርስ አይበሉም፣ መድኃኒታቸውንም አይወስዱም። ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ስደርስ አንዲት እናት አግዳሚው ላይ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አገኘኋቸው። ስኳራቸው ወርዶ ነው። ሻይ በስኳር አጠጣናቸውና ተረጋጉ፤ ምርመራው ግን ቀረ። እኚህ ሴትዮ ከሰበታ ተነስተው ነው የመጡት። ሌላ ቀን እንደገና ጾማቸውን እንዲመጡ ስነግራቸው «እሺ ልጄ» አሉኝ እንጂ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የክሊኒኩ አሻራ ማሽን ደግሞ ምክንያት አይሰማም። ከደሞዜ የሚቆረጠው ይቆረጣል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሾፌር ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ የተሳካለት አለ? ሰውየው በአባቴ ዕድሜ ነው፤ እንዴት ብዬ ልጀምር? አቤቱታ ቢገባስ የት ነው የሚሰማው፣ እንጀራውንስ ያሳጣዋል? ሌላ መንገድ የምታውቁም ካላችሁ ንገሩኝ።

የጎሮ ልጅ

እህቴ፣ ለጤናሽ ስትይ ራይድ ያዢ። ወይ ከሦስት ከአራት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ መኪና ተኮናተሩ። ከአውቶቡስ ጋር መታገል ዕድሜ መጨረስ ነው።

ላብራቶሪዋ (ቱሉ ዲምቱ)

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አሳቢነትህ ይገባኛል። ከቱሉ ዲምቱ ለገሃር በየቀኑ ራይድ ብይዝ ግን ደሞዜ ወሩን አያጋምስም። ኮንትራቱንም በብሎካችን ሞክረነዋል፤ የመግቢያ ሰዓታችን አልገጠመም። ደግሞ እኔ ከሰልፉ ብወጣ እዚያ የሚቀሩት ብዙ ናቸው። የጽዳት ሠራተኞች አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ያ አናጺ አለ። አውቶቡሱ የነሱም ነው።

ቃሊቲ ተወልጄ

ሰላም እህቴ። እኔ ለረጅም ጊዜ ያን መስመር ተሳፍሬበት በመጨረሻ ወደ ባቡሩ ዞሬያለሁ። የቀላል ባቡሩ የሰሜን ደቡብ መስመር መነሻው ቃሊቲ ነው። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ጀምሮ አውቀዋለሁ። መንገዱ ያንቺው መንገድ ነው፦ አቦ፣ ሳሪስ፣ አደይ አበባ፣ ላንቻ፣ ሪቼ፣ መሿለኪያ እያለ ስታዲየም ይደርሳል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ከአያት ጦር ኃይሎች መስመር ጋር በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ባቡር ሳትቀይሪ ለገሃር ትወርጃለሽ።

ችግሩን ልደብቅሽ አልችልም። ይጨናነቃል፣ እንደ መጀመሪያው ጊዜም ቶሎ ቶሎ አይመጣም። አንዳንዴ ሁለቱን አሳልፈሽ ሦስተኛው ላይ ነው የምትገቢው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ድረስም በታክሲ መምጣት አለብሽ። ከገባሽ በኋላ ግን የት እንደሚቆም ታውቂያለሽ። ለኔ ያ በቂ ሆኖልኛል። አውቶቡሱ ቀድሞሽ በሄደ ቀን ሰልፉ ላይ አትቆሚ፣ ባገኘሽው ሚኒባስ ቃሊቲ ውረጂና ባቡሩን ያዢ።

የመቆሚያ ቦታ ከፈለግሽ ወደ መጨረሻው በር ሂጂ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ባገኘው በር ነው የሚጋፋው።

ነጭ በትር

እኔም እዚያው መስመር ላይ ነኝ። ዓይነ ስውር ነኝ፣ የምወርደው ላንቻ ነው። ጽሑፍሽን ስልኬ አንብቦልኝ ነው የምመልስልሽ።

አንቺ ፌርማታውን ሲያልፍብሽ በመስኮት ታያለሽ። እኔ የምሄደው በመታጠፊያው፣ በፍሬኑና በሰዉ ድምፅ ነው። ከፌርማታው ወርጄ ወደ መሥሪያ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ምሰሶው፣ የሱቁ ደረጃ፣ ከዚያ በቀኝ ግንቡ። ሾፌሩ ወደፊት አልፎ ሲያወርደኝ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። አንድ ጊዜ ያወረደኝ ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ቱቦ አፍ ላይ ነበር። በትሬ ባዶ ስትወርድ ነው ያወቅሁት። አንድ የማላውቀው ልጅ «አባቴ ቆይ!» ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

ስለዚህ ሰልፉ መፍረሱ ብቻ አይደለም፣ ሰው የሚጎዳበት ነው። አቤቱታ ከጻፋችሁ ይሄን አስገቡልኝ፣ እኔም እፈርማለሁ። ትኬት ቆራጯን ግን ማመስገን እፈልጋለሁ። እሷ ባለችበት ቀን የፌርማታውን ስም ጮክ ብላ ትጠራለች። ማንም አላዘዛትም።

ጡረተኛው ሾፌር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሾፌሩን ላስተባብልለት አይደለም። ግን የትኛው ጥፋት የሱ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ካልለየሽ አቤቱታሽ አይሰማም።

ከጠዋቱ ልጀምር። አንቺ 12 ሰዓት ላይ ስታገኚው እሱ 10 ሰዓት ላይ ከቤቱ ወጥቷል። ሰርቪስ ይለቅመዋል፣ ጋራዥ ይገባል፣ መኪናውን ይፈትሻል። ሞተሩን አስነስቶ ነፋስ እስኪሞላ ይጠብቃል። የትልቅ አውቶቡስ ፍሬኑም በሩም የሚሠራው በነፋስ ነው። ነፋስ ካልሞላ መኪናው ከቦታው አይነቃነቅም። መስመሩ የሚያፈስ መኪና ከደረሰህ በሩን በከፈትክና በዘጋህ ቁጥር ነፋሱ ይወርድብሃል። አንዳንዴ የኋላ በር ጭራሽ አይታዘዝም። የፊቱን ብቻ ከፈተ ያልሽው ምናልባት ከዚህ ነው። መኪናው ደግሞ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ዛሬ ደህናው ይደርስሃል፣ ነገ የታመመው። አነዳዱ ቀን በቀን የሚለያየውም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ፌርማታ ስለማለፍ። ተሳፋሪ ሁሉ የማይወድልን ነገር ነው፣ ግን ምክንያት ያለው ጊዜ አለ። አንደኛው አውቶቡስ ትንሽ ከዘገየ በየፌርማታው የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። ሰው ሲበዛ መጫኑ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ የበለጠ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ ፌርማታው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፣ እየፈጠነ መጥቶ ይደርስበታል። ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ይሄኔ ስምሪት፣ አውቶቡሶቹን የሚመድበው ክፍል፣ «አንተ እለፍ፣ ፊት ያለውን ባዶ ሸፍን» ይላል። አንዳንዴም ግማሽ መንገድ ላይ አውርደህ ተመለስ ይባላል። ተሳፋሪው የሚያየው ሾፌሩን ብቻ ነው፤ ስድቡን የምንቀበለው እኛ ነን። ቢያጆው፣ የቀኑ ምልልስ ማለቴ ነው፣ ካልሞላ ደግሞ ማታ ተጠያቂው ሾፌሩ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብትል የሚሰማህ ተቆጣጣሪ አለ፣ የማይሰማህም አለ።

ሽንት ቤትም ልጨምርልሽ። ብዙ መነሻና መድረሻ ላይ የለም። ሰው ያፍርበታልና አይናገረውም። ሾፌር ድንገት ቦታ ቀይሮ ሲቆም፣ ወይ ቶሎ ለመድረስ ሲሯሯጥ፣ አንዳንዴ ሆዱ ነው የሚያስቸኩለው።

አሁን ደግሞ ይቅርታ የሌለውን ልንገርሽ። ስልክ እያወራ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰው የጫነ ሾፌር ሲያደርገው ጥፋቱ ይብሳል። ካልታዘዘ በቀር ከመስመሩ መውጣት አይችልም። ቢታዘዝ እንኳ አቁሞ፣ ለተሳፋሪው ተናግሮ፣ የሚወርደውን አውርዶ ነው። ያ አናጺ ሳሪስ አቦ ላይ መውረድ ይገባው ነበር። ከሰዓቱ በፊት ከመነሻ መውጣትም እንደዚሁ ነው። የዘገየ አውቶቡስ ያስረፍድሻል እንጂ ታገኚዋለሽ። ቀድሞ የወጣ ግን ሰዓቱን አክብሮ የመጣውን ሰው ነው የሚቀጣው። እኔ ወጣት ሾፌሮችን ሳሠለጥን መጀመሪያ የምነግራቸው ይሄን ነበር።

እንዴት ላናግረው ላልሽው፣ እየነዳ አታናግሪው። ወርደሽም በመስኮት አትጩሂበት። ከመነሳቱ በፊት፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ብቻውን ሲሆን ጠጋ በይ። ከደህናው ቀን ጀምሪ። «አሮጊቷን የጠበቅካት ቀን አይቼሃለሁ» በዪው። ሾፌር ስድብ ለምዷል፤ በመልካም የሚያስታውሰው ሲያገኝ ጆሮው ይከፈታል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኔም የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፣ አሜሪካ። ያደግሁት ሳሪስ ስለሆነ ነው ዘልዬ የገባሁት። ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እዚህ በመንገዱ ላይ ሰዓት የሚጠበቅባቸው የተወሰኑ ፌርማታዎች አሉ። እዚያ ቀድሜ ከደረስኩ በሩን ከፍቼ ሰዓቱ እስኪሞላ እቆማለሁ። መሪው አጠገብ ያለው ስክሪን ስንት ደቂቃ እንደቀደምኩ፣ ስንት ደቂቃ እንደዘገየሁ ያሳየኛል። በመጨናነቅ ብዘገይ ብዙም አልጠየቅም። ቀድሜ ከሄድኩ ግን ማብራሪያ እጠየቃለሁ፣ ከተደጋገመ ቅጣት አለው።

የጎሮ ልጅ

ወንድሜ፣ ያንተን አገር መንገድና ስክሪን ከኛ ጋር አታወዳድር። እዚህ መለዋወጫ እንኳ ሲጠፋ መኪና ይቆማል።

ላብራቶሪዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ልክ ነህ፣ ስክሪን የለንም። ግን ከመነሻ 12 ሰዓት ሳይሞላ አለመውጣት ስክሪን አይፈልግም። የግድግዳ ሰዓት ይበቃዋል። ፌርማታው ላይ ልክ መቆምም ዶላር አይፈልግም። ከቨርጂኒያው ወንድማችን የወሰድኩት ይሄንን ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነፋሱን ነገር እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ቀደም ብዬ ወጥቼ አናግረዋለሁ። የሆነውን እዚሁ እጽፋለሁ።

ነጭ በትር፣ ያንተን ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አቤቱታው ላይ መጀመሪያ የሚገባው የቱቦው ነገር ነው።

ላብራቶሪዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ቃሌን ልፈጽም። አነጋገርኩት።

ለመነሳት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ከቡና አፍዪዋ ልጅ አንድ ስኒ ተቀብዬ ሰጠሁት። ጋሼ እንዳሉት ከአሮጊቷ ጀመርኩ። ፈገግ አለና «የት አየሽኝ?» አለኝ። ከዚያ ስለ ክሊኒኩ ነገርኩት። ስለ ስኳር ሕሙማኑ ስነግረው ስኒውን ከአፉ መለሰ። የሱም እናት ስኳር አለባቸው አሉ፣ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት።

ቀድሞ ስለመውጣቱ የነገረኝ እንዲህ ነው። አንድ አውቶቡስ ሲበላሽ ስምሪት ይደውልለትና «ቃሊቲ ሰው ሞልቷል፣ አሁኑኑ ውጣ» ይለዋል። እሱም እንደኛ የሚያውቀው በዚያች ደቂቃ ነው። «እኔ ብጠብቃችሁ እነሱ ይጮሁብኛል፣ ብወጣ እናንተ ትጮሁብኛላችሁ» አለኝ። ይሄን አምኜዋለሁ። ስልኩንም ያነሳው ለዚያ ነው አለ። «ታዲያ ስልኩን ለትኬት ቆራጯ ስጣት፣ እሷ ታናግራቸው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እሱስ ይቻላል» አለ።

ስለ ቀለበት መንገዱ ግን አልተግባባንም። «የጎተራ ወራጅ መኖሩን አልሰማሁም» አለኝ። አናጺው የጮኸው ጩኸት የማይሰማ አልነበረም፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ይሄንንም ነገርኩት። ፊቱ ቅጭም አለ፣ ስኒውን መልሶልኝ ወደ መሪው ወጣ። ቢሆንም ያን ቀን ልክ 12 ሰዓት ላይ ወጣን፣ ሁሉም ፌርማታ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደህና ቀንም ነበረ፣ ያለፈን ቀንም ነበረ። ስልክ ጆሮው ላይ ግን አላየሁበትም።

ስለዚህ አቤቱታው ይቀጥላል። ስሙ እሱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አልፈልግም፤ ስምሪቱም መመለስ ያለበት ነገር አለ። ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጡረተኛው ሾፌር

ጎበዝ ልጅ። ፊቱ ቅጭም ማለቱ አያስጨንቅሽ፤ የሰማ ሰው ነው ቅጭም የሚል።

ማመልከቻሽ «ሾፌሩ ጥሩ አይደለም» የሚል ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የአውቶቡሱን የጎን ቁጥር ጻፊ። የጎን ቁጥር ካለ ማን ነድቶ እንደነበር መዝገቡ ላይ ያገኙታል፣ የሰው ስም መጥራት አያስፈልግሽም። ሁለት ነገር ለይተሽ ጠይቂ። ከስምሪት የምትጠይቂው፣ የጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ ከሰዓቱ በፊት ከመነሻ እንዳይወጣ፣ ሌላ መስመር መሸፈን ካለበትም ሌላ መኪና እንዲመደብ ነው። ከሾፌሮች የምትጠይቂው ፌርማታው ላይ ልክ እንዲቆሙ፣ ከመስመር ሲወጡም አስቀድመው ለተሳፋሪው እንዲናገሩ ነው። የዓይነ ስውሩን ወንድማችንን ነገር በራሱ አንቀጽ አድርጊው፤ ማንም ኃላፊ በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም። ትኬት ቆራጯንም በስሟ አመስግኗት። የምስጋና ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ሲገባ ለዕድገት ይቆጠራል፣ ያን ማንም አያስታውስላቸውም።

በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ሲቀበሉሽ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቺና ለራስሽ ያዢ። «ተዪልን፣ እናየዋለን» ካሉሽ ማኅተሙ ሳይመታ አትውጪ።

ላብራቶሪዋ (ቱሉ ዲምቱ)

እሺ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ረቂቁን ዛሬ ማታ ጽፌ እዚህ እለጥፈዋለሁ፤ የጎደለውን ንገሩኝ። ሐሙስ ጠዋት መነሻው ላይ ወረቀቱን ይዤ ሰልፉ መሐል እገኛለሁ፣ ነጭ ጋወን የያዘችው እኔ ነኝ። ከቃሊቲና ከሳሪስ የምትሳፈሩ ደግሞ ሌላ ወረቀት ለትኬት ቆራጯ እሰጣታለሁ፣ እሷ ጋ ፈርሙ። ያ መዶሻና ሜትር የያዘው አናጺ ይሄን የሚያነብ ከሆነ፣ ወይ የሚያውቀው ሰው ካለ፣ የሱን ፊርማ በጣም እፈልገዋለሁ።